ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም! (እና ሌሎች የእድር ግሩፕ ጣጣዎች)

የእድር ጸሐፊ ሆኖ የማያውቅ ሰው አይገባውም። ወር ሲገባ ቴሌግራሜ ላይ ስክሪንሾት ነው የሚዘንበው፣ ሰላምታ የለ ስም የለ፣ ፎቶውን ወርውሮ ጥፍት። "ልኬያለሁ እኮ" ይሉኛል በኋላ። እስቲ ዛሬ አንድ በአንድ እንነጋገር።

"ስክሪንሾት ከላኩ ከፍያለሁ"
አልከፈልክም! ብር ገባ የሚባለው የእድሩ ሂሳብ ላይ ሲታይ ነው፣ አለቀ። የውሸት ደረሰኝ የሚሰራ አፕ ሞልቷል፣ ቀንና ብር መቀየር ደሞ የሰፈር ልጅ ሁሉ ይችላል። አባላቱን ሌባ እያልኩ አይደለም፣ አብዛኛው ተሳስቶ ነው። ፒን ከማስገባቱ በፊት ያለውን ገጽ አንስቶ ይልክና ክፍያውን ሳይጨርስ ይወጣል፣ ያለፈውን ወር ደግሞ የሚልክ አለ፣ በልጁ ስልክ ከፍሎ ስሙን የማይነግረኝ አለ፣ እኔ ስቴትመንት ላይ የማላውቀው ሰው ስም አይቼ ማን ነው እያልኩ ሳጣራ አመሻለሁ።

ጣጣው የሚመጣው ደሞ ሐዘን ቀን ነው። አንድ አባላችን አማታቸው አርፈው ድንኳን ተተክሎ ሳለ መዝገቡ የወራት ውዝፍ አለብዎት አለ፣ ጋሼ ተናደው ስልካቸውን አውጥተው ለቅሶ ላይ ስክሪንሾት እያሳዩ "ይኸው! ይኸው!" እውነታቸውን ነው፣ ልከዋል፣ ግን የላኩት ለቀድሞው ገንዘብ ያዥ የግል ቴሌብር ነው። ቁጥሩ ስልካቸው ላይ ሴቭ ተደርጎ ስለነበር በየወሩ እሱን ይነካሉ፣ ሲሙን ደሞ የሰውየው ልጅ ነው የያዘው። ሬሳ ሳይወጣ ስለ ብር መጨቃጨቅ ምን ያህል ያሳፍራል!

ስለዚህ ስሙኝ። ፎቶውን ተዉትና የግብይት ቁጥሩን ኮፒ አድርጋችሁ በጽሁፍ ላኩ። ቴሌብር ከሆነ ከ127 የሚመጣው ሜሴጅ ላይ አለ፣ ደረሰኙን የሚከፍት ሊንክም አብሮት ይመጣል፣ ሜሴጁን እንዳለ ፎርዋርድ አድርጉልኝ። ንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረው ቁጥር ነው፣ እሱ ደሞ ቀኑን በራሱ ይናገራል። ከኤፍቲ ቀጥሎ 25032 ካለ 25 በፈረንጅ 2025 ነው፣ 032 ደሞ የዓመቱ 32ኛ ቀን፣ ፌብሩዋሪ 1 ማለት ነው፣ በኛ ጥር 24። ታዲያ ኤፍቲው የጥር ሆኖ ፎቶው ላይ ሚያዝያ ከተጻፈ እኔ ምን ልበል? ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ደሞ "እድር" ብቻ አትበሉ፣ የአባሉን ስምና የመዝገብ ቁጥር ጻፉበት፣ በተለይ ውጭ ሆናችሁ ለእናትና አባታችሁ የምትከፍሉ ልጆች። ኮሚቴዎችም ብትሆኑ በአንድ ሰው ስልክ መዋጮ መሰብሰብ አቁሙ፣ ቴሌብር ግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ቀላል ስለሆነ ብቻ ሁሉም በግል ቁጥር ይሰበስባል። ባንክ ሂዱና በእድሩ ስም በጣምራ ፊርማ ሂሳብ ክፈቱ።

"ኢንተርኔት ስለሌለኝ መክፈል አልቻልኩም"
*127# ምን ሰራ? ንግድ ባንክም *889# አለው፣ ሁለቱም ያለ ዳታ ይሰራሉ።

"ግሩፕ ላይ ተለጥፏል፣ ሁሉም ሰምቷል"
ማን ነው የሰማው? ግማሹ ሚዩት አድርጎታል፣ እነ እትዬ የያዙት ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። የሞት መርዶ ከስቲከርና ከሚሸጥ ቁም ሳጥን መሀል ገብቶ ጠፍቶ ያውቃል። ለማስታወቂያ አድሚን ብቻ የሚጽፍበት ቻናል ክፈቱ፣ ወሬው ግሩፑ ላይ ይቀጥል፣ ጡሩንባ ነፊውን ደሞ እባካችሁ አታሰናብቱት።

"ቴሌግራም ሚስጥር ይጠብቃል"
ግሩፕ ላይ የሚጻፍ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ (ማለት ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ) አልተመሰጠረም፣ እንደዛ የሚሆነው ሁለት ሰው የሚያወራበት ሲክሬት ቻት ብቻ ነው። ደሞ የግሩፑን ሊንክ ለማን እንደሰጣችሁት ታውቃላችሁ? አባል ለመሆን ብሎ የፋይዳ ካርዱን ፎቶ ሁሉም ፊት የሚለጥፍ ሰው አለ፣ ኧረ በግል ላኩት! በ2016 የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 1321፣ ኮሚቴዎች አንብቡት።

"ስልክ መጥቶ እድር ሊሞት ነው"
ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ አንዱ ገላን ጉራ ሌላው ሌላ ጋ ተበተነ፣ የድሮ ጎረቤት ማን እንደታመመ የሚሰማው በዚሁ ግሩፕ ነው። እርግጥ ድንኳን የሚተክል ሰው በቴሌግራም አይመጣም፣ ታክሲ ተሳፍሮ ነው የሚመጣው።

"ኤክሴል አለን፣ ደብተር ምን ያደርጋል"
ኤክሴሉ የጸሐፊው ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ ስልኩ የተሰረቀ ቀን መዝገብ የለም። በየወሩ ፕሪንት ይደረግና ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ይፈርሙበት።