ጌጠኛ ጽሑፍ በምስል ማዘጋጃ ሶፍትዌር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጽሑፍን ወርቃማ ማድረግ፣ ጥላ ማልበስ ወይም እንደ ኒዮን መብራት እንዲያበራ ማድረግ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ደረጃ በደረጃ የተዘጋጀ መመሪያ በመከተል ነው። መመሪያው የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ይናገራል እንጂ ለምን እንደሚጫን እምብዛም አያስረዳም፤ ከዚህ በታች የቀረቡት የተሳሳቱ አመለካከቶችም በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚሁ ክፍተት ነው።

«ወርቃማ ጽሑፍ ለመሥራት ትክክለኛውን የወርቅ ቀለም ማግኘት ይበቃል።»

ወርቅ ለዓይን ወርቅ የሚመስለው ቢጫ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እንደማንኛውም የተወለወለ ብረት በዙሪያው ያለውን ብርሃንና ጨለማ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ነው። ስለዚህ ፊደሉን በአንድ ወጥ ቢጫ የሞላ ሰው የሚያገኘው ቢጫ የተቀባ ፊደል ብቻ ነው። ብረትነቱን የሚያመጣው ጥቁር ቡናማ፣ ደማቅ ቢጫ እና ወደ ነጭ የተጠጋ ክሬም በቅርብ ርቀት የሚፈራረቁበት ግራዲየንት (ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው የሚሸጋገር ሙሌት) ሲሆን፣ ቢያንስ በአንድ ቦታ ላይ ከጨለማው ወደ ብሩሁ የሚደረገው ሽግግር ድንገተኛ መሆን አለበት፤ ቀስ እያለ የሚለወጥ ቀለም ደብዛዛ ፕላስቲክ እንጂ ብረት አይመስልምና። በፎቶሾፕ፣ ፊደሉን ከገጹ ከፍ ያለ በሚያስመስለው የቤቭል ኤንድ ኢምቦስ ኢፌክት መስኮት ውስጥ ግሎስ ኮንቱር የሚባለው ኩርባም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ኩርባው ከቀጥታ መስመር ሪንግ ወደሚባለው ቅርጽ ሲቀየር በፊደሉ ጠርዝ ላይ ብርሃንና ጥላ ተደጋግመው ይፈራረቃሉ፤ የፊደሉ ቀለም ሳይነካ መልኩ ወደ ብረትነት ይለወጣል። በእኔ እምነት አንድ ጀማሪ ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን አንድ ቅንብር ቢመረምር፣ ብዙ ዝግጁ ስታይሎችን ከመሰብሰብ ይበልጥ ይጠቀማል።

«ጥላ ሁልጊዜ ጥቁር ነው።»

ጥላ የወደቀበትን ነገር ቀለም ያጠቁረዋል እንጂ አይሸፍነውም። በሰማያዊ ወለል ላይ የወደቀ ጥላ ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ፣ ከበስተጀርባው የተወሰደና የጠቆረ ቀለም መልቲፕላይ በሚባለው፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም በሚያጠቁር የመቀላቀያ ስልት ሲቀመጥ ከድፍን ጥቁር ይልቅ ተፈጥሯዊ ይሆናል። አቅጣጫውም ሊታሰብበት ይገባል፤ ርዕሱ ብርሃኑን ከግራ፣ ንዑስ ርዕሱ ደግሞ ከቀኝ የሚቀበል ከሆነ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንዳልተስማማ ይሰማዋል። ዩዝ ግሎባል ላይት የሚለው ምርጫ የተዘጋጀው ሁሉም ሌየሮች (የምስሉ ተደራራቢ ንብርብሮች) አንድ የብርሃን ማዕዘን እንዲጋሩ ነው።

ብዙዎች ደግሞ አውተር ግሎው (በፊደሉ ዙሪያ የሚፈነጥቅ ብርሃን) በነጭ ገጽ ላይ አልታይ ሲላቸው ሶፍትዌሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ይህ ኢፌክት ሲከፈት የተቀመጠለት የመቀላቀያ ስልት ስክሪን ነው፤ ስክሪን የሚያደርገው ማብራት ብቻ ሲሆን ነጭ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊበራ አይችልም። በስተጀርባውን ማጨለም፣ አለበለዚያም ስልቱን ወደ ኖርማል መቀየር ያስፈልጋል።

«ኢፌክት ከመጨመሩ በፊት ጽሑፉ ራስተራይዝ መደረግ አለበት።»

ራስተራይዝ ማድረግ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ሊታረም ወደማይችል የፒክሰል ምስል መቀየር ነው፤ ይህ ልማድ ካለፈ ዘመን የተወረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ፎቶሾፕ 5.0 ጽሑፉ እንደተጻፈ እየቆየ ጥላና ቤቭል እንዲቀበል አስችሏል፤ ስለዚህ የፊደል ግድፈት ሲገኝ ቃሉን አርሞ ኢፌክቱን እንዳለ ማቆየት ይቻላል። እንደ ብለር (ማደብዘዣ) ያሉ ፊልተሮች ሲፈለጉም ሌየሩን ወደ ስማርት ኦብጀክት፣ ማለትም ዋናውን ይዘት ሳይነካ ወደሚያቆይ ሌየር፣ መለወጥ በቂ ነው። በነፃ የሚገኘው የምስል ማዘጋጃ ሶፍትዌር ጊምፕም እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 3.0 ስሪቱ ፊልተሮችን ዋናውን ሌየር ሳይለውጡ የመጠቀም ችሎታ አግኝቷል፤ ስለዚህ ውድ ሶፍትዌር የሌለው ሰው ጥሩ ሥራ ሊሠራ አይችልም የሚለውም እውነት አይደለም።

«ስትሮኩ በወፈረ መጠን ጽሑፉ በግልጽ ይነበባል።»

ስትሮክ በፊደሉ ጠርዝ ዙሪያ የሚሰመር መስመር ነው። በግእዝ ፊደል ሲሠራ ይህ አስተሳሰብ ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ሥር ባለው ምልክት ብቻ ነው፤ አንደኛው አጭር ሰረዝ፣ ሌላኛው ትንሽ ቀለበት አለው። ወፍራም ስትሮክ ወደ ውጭ ሲሰመር የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈናል፤ «ቤ»ም «ቢ» መስሎ ይነበባል። ስትሮኩን ኢንሳይድ (ወደ ውስጥ) ላይ ማድረግ ቀዳዳውን ክፍት ያቆየዋል፤ ከፊደሉ ውስጥ ቦታ ስለሚወስድ ግን ፎንቱ ራሱ ወፈር ያለ መሆን አለበት።

የኢፌክት መጠን ከምስሉ ጋር ሁልጊዜ አብሮ ያድጋል ወይም ያንሳል ማለትም ስሕተት ነው። ወርዱ 4000 ፒክሰል በሆነ ምስል ላይ የተሰመረ 10 ፒክሰል ስትሮክ፣ ምስሉ ስኬል ስታይልስ (ኢፌክቶቹን ከምስሉ ጋር አብሮ የሚያሳንሰው ምርጫ) ሳይመረጥ ወደ 1000 ፒክሰል ቢቀነስ እዚያው 10 ፒክሰል ላይ ይቀራል፤ ከፊደሉ አንጻር አራት እጥፍ ወፈረ ማለት ነው።

በመጨረሻም፣ ጄፔግ የሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ለሁሉም ምስል ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ክፍሎች ከፋፍሎ ስለሚያሳንስ በስል የፊደል ጠርዝ ዙሪያ ብናኝ መሰል እድፍ ይተዋል፤ በስተጀርባው ባዶ የሆነ ጽሑፍንም ባዶነቱን አጥፍቶ በድፍን ቀለም ይሞላዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ፒኤንጂ ይሻላል፤ ሌየሮቹ ያሉበት ዋናው ፋይል ግን በፎቶሾፕ ፒኤስዲ ወይም በጊምፕ ኤክስሲኤፍ ለብቻው ይቀመጣል።