የታመቀ ፍላጎት ምንድን ነው?

የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። በዚያ ሰሞን አብዛኛው ሥጋ ቤት በሩን ይዘጋል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ በያይነቱ ግን ከወትሮው ይበልጥ ይፈለጋል። የፋሲካ ዋዜማ ሲቃረብ በዶሮ ተራና በበግ ተራ መተላለፊያ ይጠፋል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ ለቅርጫ የተማከሩ ጎረቤቶች በሬ ፍለጋ ይወጣሉ። የሥጋ አምሮቱ በጾሙ አልሞተም፤ ታምቆ ቆየ እንጂ።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች «የታመቀ ፍላጎት» የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው ሊገዛ ፈልጎ፣ መግዣውም ኖሮት፣ በሕግ፣ በፍርሃት ወይም በዕቃ እጥረት ሳይገዛ የቀረውና እንቅፋቱ ሲነሳ ወደ ገበያ የሚወጣው ፍላጎት ነው። «መግዣውም ኖሮት» የምትለዋ ሐረግ እንዳትዘለል አደራ። ኪሱ የተራቆተ ሰው ያማረው ነገር ምኞት ነው፤ በሩ ቢከፈትም ባይከፈትም ለነጋዴው ለውጥ የለውም።

የኮሮና ወረርሽኝ ይህን በግልጽ አሳይቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ በማርች 2020 ምግብ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ፀጉር ቤቱ ሲዘጋ መንግሥት ለአብዛኛው አዋቂ ሰው በነፍስ ወከፍ መጀመሪያ 1,200፣ ቀጥሎ 600፣ በ2021 ደግሞ 1,400 ዶላር ላከ። ቤተሰቦች ከታክስ በኋላ እጃቸው ከሚገባው 100 ዶላር የሚቆጥቡት በአማካይ ከ10 ዶላር በታች ነበር፤ በኤፕሪል 2020 ከ30 ዶላር አለፈ። ከዚህ ቁጠባ ብዙው የተከማቸው ግን ደመወዙ ሳይቋረጥ ከቤቱ ሆኖ በሚሠራው ዘንድ ነው።

ያ ገንዘብ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አገልግሎት ሲዘጋበት ወደ ዕቃ ዞረ፤ ሥጋ ሲቀር ወደ ሽሮ እንደሚዞረው። ሰው ምግብ ቤት መሄዱን ትቶ ሶፋ ቀየረ፣ ስፖርት ቤቱ ሲዘጋበት ብስክሌትና መሮጫ ማሽን ገዛ፣ ለልጁ መማሪያ ጠረጴዛና ኮምፒውተር አዘዘ። በ2021 መጸው ከሎስ አንጀለስና ከሎንግ ቢች ወደቦች ፊት ለፊት ከ70 በላይ መርከቦች ኮንቴይነር ጭነው ተራ ይጠብቁ ነበር። መኪና ፋብሪካዎች ቺፕ (የመኪናውን ኤሌክትሮኒክስ የሚያሠራውን ትንሽ ቁራጭ) በማጣታቸው አዲስ መኪና ጠፍቶ፣ ያገለገለ መኪና ዋጋ በጁን 2021 ከዓመቱ በፊት ከነበረው በ45 በመቶ ጨመረ። አሮጌ መኪና ከተገዛበት ዋጋ በላይ ሲሸጥ ማየት ያልተለመደ ነገር ነበር።

በቻይና ጓንግዡ ከተማ ደግሞ በኤፕሪል 2020 አንድ የቅንጦት ዕቃ መደብር ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን 2.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሸጠ ተዘገበ። «የበቀል ሸመታ»፣ ማለትም ታግዶ የቆየ ሰው ያመለጠውን ሊያካክስ እንደሚሸምተው ያለ ሸመታ፣ የሚለው አባባል ያን ጊዜ ዓለምን ዞረ። እኔ ግን ይህን ዜና ለብቻው ማንሳት አንባቢን ያሳስታል እላለሁ። በዚያው ወር የመላው ቻይና የችርቻሮ ንግድ ከቀደመው ዓመት 7.5 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ ከዓምናው በላይ የሆነው ገና በኦገስት ነው። የቻይና መንግሥት እንደ አሜሪካው ለየቤተሰቡ ገንዘብ አላደለም። በሩ ተከፍቷል፤ መግዣው ግን በብዙዎች እጅ አልነበረም።

በአሜሪካ ክትባቱ ተዳርሶ እገዳው ሲላላ ገንዘቡ ወደ አገልግሎት መመለስ ጀመረ። በኤፕሪል 2020 አጋማሽ በመላ አገሪቱ በቀን ከ90,000 ያነሰ ሰው ብቻ ያለፈባቸው የአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻዎች በጁን 2021 እንደገና 2 ሚሊዮን መንገደኛ አስተናገዱ። ሶፋና ብስክሌት ግን በየዓመቱ አይገዛም። ነጋዴዎች የቤት ውስጡ ሽያጭ የሚቀጥል መስሏቸው ያዘዙት ዕቃ የደረሰው ደንበኛው ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ነው። ታርጌት የተባለው የመደብር ኩባንያ በሜይ 2022 ክምችቱ ከዓምናው ከ40 በመቶ በላይ መብለጡንና ትርፉ መውደቁን ሲናገር የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን በሩብ ያህል ወረደ። የቤት ውስጥ ብስክሌት የሚሠራው ፔሎተን በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ 2,800 ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታወቀ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቶሎ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ጾም ሲፈታ ማንም የ55 ቀኑን ሥጋ በአንድ ማዕድ አይበላም። የተራዘመ የፍሪጅ ግዢ ከዓመት በኋላም ቢሆን ሙሉው ግዢ ነው፤ ያመለጠ ምሳ ግን አመለጠ። ስድስት ወር ፀጉሩን ያልተቆረጠ ሰው ፀጉር ቤት ሲገባ የሚቆረጠው አንዴ፣ የሚከፍለውም የአንዴውን ነው።

ይህን በቅርብ ያየሁት በዋሽንግተን አካባቢ በሚኖሩ ወገኖቻችን ላይ ነው፤ ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በታክሲ፣ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በመኪና ማቆሚያ ሥራ ነው። አንድ የማውቀው ባለታክሲ በ2020 ጸደይ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከንጋት እስከ ማታ ተሰልፎ አንድ መንገደኛ ብቻ ጭኖ ወደ ቤቱ የተመለሰባቸው ቀናት ነበሩ። በ2021 አጋማሽ ወረፋው እንደ ድሮው መንቀሳቀስ ሲጀምር ደስታው በፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። የጫነው ግን የዚያን ቀን መንገደኛ ነው። ባለፈው ዓመት ሊሄድ የነበረው ሰው አሁን ሲመጣ የሚከፍለው የአንድ ጉዞ ሒሳብ ነው፤ የመኪናው ዕዳ ግን ያልተከፈለበት ወር ሁሉ ተደምሮ ይጠብቀው ነበር።