ከ«አብሽር» በኋላ፦ የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪ ሥራ በደሴና በኮምቦልቻ

ወሎ ውስጥ ሰው ሲከፋው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «አብሽር» ነው። ታመምክ? አብሽር። ፈተና ወደቅክ? አብሽር። እናትሽ አረብ አገር ሄዳ ድምጿ ጠፋ? አብሽሪ፣ ትደውላለች። ደግ ቃል ነው፣ እኔም በቀን ብዙ ጊዜ እለዋለሁ። ግን የ15 ዓመት ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ፣ እህል አስጠልቶት፣ ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ ተደፍቶ ሲውል አብሽር ብቻውን አይበቃውም። የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ቃል ቀጥሎ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው ተማሪው «ቲቸር» ይለዋል፣ መምህራኑ «ጋይዳንስ» ወይም «ካውንስለር»። ብዙውን ጊዜ ሳይኮሎጂ ያጠና ሰው ነው። አንዳንዱ አንድ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ይሠራል፣ ሌላው በሳምንት የተወሰነ ቀን እየመጣ በርካታ ትምህርት ቤቶችን ያዳርሳል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለሚያስተምር መምህር በተደራቢነት ይሰጥና እሱም በእረፍት ሰዓቱ የቻለውን ያደርጋል። በአሜሪካ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስቶች ብሔራዊ ማኅበር የሚመክረው ለ500 ተማሪ አንድ ባለሙያ ነው። እኛ ጋ ከዚያ ብዙ እጥፍ ተማሪ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሰው ካገኘ ተመስገን ነው።

አማካሪው ሐኪም አይደለም፣ መድኃኒት አያዝም። የሱ ድርሻ ቀድሞ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከመምህሩና ከወላጁ ጋር መላ መፈለግ፣ ከአቅም በላይ ሲሆን ደግሞ ልጁን የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ማድረስ ነው። ስንት ልጅ ይህን ይፈልጋል ለሚል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7 አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል። ይህ የዓለም አማካይ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ብናሰላው 8 ወይም 9 ልጅ ይሆናል፣ ሁለት ዴስክ ሙሉ ማለት ነው።

ሥራውን የሚያከብደው አንዱ ነገር ስሙ ራሱ ነው። «ምክር» በአማርኛ ትልቅ ሰው የሚናገረው፣ ትንሽ ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚሰማው ነገር ነው። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ይዞ ሲመጣ «ምከሩልኝ» ይላል፣ ቆጣ በሉልኝ ማለቱ ነው። አንዲት እናት ልጃቸውን በእጅጌው ይዘው ገቡና «እኔንማ ንቆኛል፣ እስቲ እናንተ ምከሩልኝ» አሉኝ። ልጁ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። እናትየውን ሻይ ጠጥተው እንዲመለሱ ለመንኳቸው። ሲወጡ ከልጁ ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም አላወራንም። እኔ ወረቀት ሳስተካክል ቆየሁ። በኋላ እሱ ራሱ «አይመክሩኝም እንዴ?» አለኝ። አልመክርህም፣ ልሰማህ ነው የተቀመጥኩት አልኩት። ወሬው የተጀመረው ከዚያ ነው።

ቋንቋ ትልቅ ጉዳይ ነው። መጽሐፉ «ድባቴ» ይላል፣ ልጅ ግን ደብቶኛል ብሎ አይመጣም። ራሴን ያመኛል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሰው ያስጠላኛል ነው የሚለው። አንዳንዷ ለሦስት ወር በጨጓራ ጤና ጣቢያ ስትመላለስ ከርማ ነው እኛ ጋ የምትደርስ። ለመለየት የሚያግዙ መጠይቆች አሉ፣ ለምሳሌ ፒኤችኪው-9 የሚባለው ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበረ ስሜት 9 ጥያቄ ይጠይቃል፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደመራል፣ በአማርኛም ይሠራበታል። ግን ቁጥሩ በሽታውን አይፈርድም፣ በር ይከፍታል እንጂ። ወረቀቱን ሰጥቶ ሙላ ከማለት ጎን ለጎን ተቀምጦ አንድ በአንድ እየጠየቁ መሙላት ይሻላል፣ ልጁ የትኛው ጥያቄ ላይ ዝም እንዳለ የምታየው ያኔ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞት ማሰብ ነው። ብዙ መምህራን ይህን ጥያቄ ይፈሩታል፣ ያልታሰበውን እናሳስበዋለን ብለው። እንደዚያ አይደለም። በቀጥታና በረጋ ድምፅ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፣ ብቻውን የተሸከመውን ልጅ ያሳርፈዋል። መልሱ አዎ ከሆነ ልጁ ለደቂቃም ብቻውን አይተውም፣ በዚያው ቀን ቤተሰብ ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።

ክፍሉ የት እንደሆነ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። የምክር ክፍሉ ሥነ ሥርዓት ከሚያስከብረው ዩኒት ሊደር ቢሮ ጎን ከሆነ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ያጠፋ ይመስላል፣ ማንም አይመጣም። ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ቢሆን ልጁ «መጽሐፍ ልመልስ ነው» ብሎ ይመጣል። ምስጢርም እንደዚሁ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ስሙ ይቅር፣ የተማሪዎች ማኅደር ከሌላ ሰነድ ጋር በአንድ ካቢኔ ይቀመጥ ነበር። የአንዲት ልጅ ጉዳይ ስታፍ ውስጥ ወሬ ሆነ። ከዚያ በኋላ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሴት ልጅ በሬን አላንኳኳችም። አሁን ገና ሳይጀመር እነግራቸዋለሁ፦ ያልሽኝ እዚሁ ይቀራል፣ ራስሽን ወይ ሌላ ሰው ልትጎጂ ከሆነ ወይ ደግሞ ሌላ ሰው አንቺን እየጎዳሽ ከሆነ ግን ለሚረዳን ሰው እናገራለሁ፣ ስናገርም ቀድሜ ላንቺ ነግሬ ነው። ጥቃት የደረሰባት ልጅ ስትመጣ ጉዳዩ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ፖሊስና ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። በቤት በሽምግልና ይለቅ የሚል ግፊት ሁሌም አለ፣ እዚያ ላይ መለሳለስ የለም።

ችግሮቹ ከሁለቱ ከተሞች ኑሮ ጋር የተያያዙ ናቸው። ደሴ ጦሳ ሥር የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት፣ ኮምቦልቻ ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሞቃት፣ የፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማ። ኮምቦልቻ ላይ ወላጅ በፈረቃ ስለሚሠራ ልጅ ብቻውን ውሎ ብቻውን የሚያድርበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ጋ ደግሞ አረብ አገር አለ። እናቷን በኢሞ ብቻ የምታውቃት ልጅ ብዙ ናት። አያቷ ያሳድጓታል፣ ብሩ ይመጣል፣ ልብሱ ይመጣል፣ እና ልጅቷ አዝናለሁ ለማለት ታፍራለች፣ ምክንያቱም እናቷ ለሷ ብላ ነው የተሰደደችው። እንዲህ ያለችን ልጅ «አመስግኚ እንጂ» ማለት የባሰ አፏን ይዘጋታል። ቤቲንግ ቤቱ፣ ጫቱ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቲክቶክ፣ እነዚህ ሁሉ አሉ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ነገር ጭስ ናቸው።

አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነበር። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ይተኛል። የሒሳብ መምህሩ ሁለቴ አስወጥቶታል፣ «ጫት ነው» ብሎ ደምድሟል። የክፍል ኃላፊዋ ግን ማስታወሻዋን ገልጣ አንድ ነገር አሳየችኝ፣ የሚተኛው ሐሙስና ዓርብ ብቻ ነው። ልጁ ከገጠር መጥቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ነው። ስንቅ እሑድ ይመጣለታል፣ እንጀራው እስከ ረቡዕ ይደርሳል፣ ከዚያ በሶ፣ በሶውም ካለቀ ውሃ። ለማንም አልተናገረም። የመምህራን ክበብ ውስጥ ምግብ የምትሠራውን እናት አነጋገርን፣ ሁለቱን ቀን ምሳ እንዲበላ ተደረገ፣ እሱም ውሃ በመቅዳት ያግዛታል፣ ምጽዋት እንዳይመስለው። መተኛቱ ቀረ። ይሄ ሳይኮሎጂ ነው ወይ ላለኝ ሰው፣ አዎ ነው እላለሁ።

ጦርነቱን ሳይጠቅሱ ስለ ደሴ ልጆች መጻፍ አይቻልም። በ2013 ክረምት ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ በኩል የተፈናቀለ ሰው ትምህርት ቤቶቹን ሞላ። ልጆች የተማሩበት ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ተኝቶ አዩ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ድረስ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። የዚያን ጊዜ የ1ኛ ክፍል ልጅ የነበረው ዛሬም የትምህርት ቤቱ የቆርቆሮ በር በነፋስ ጓ ሲል ዴስክ ሥር ይገባ ይሆናል። ክፍሉ ይስቅበታል። መምህሩ ካወቀ ግን ሳቁን አቁሞ «በሩ ነው፣ ነፋስ ነው፣ እዚህ ነን» ብሎ ስሙን ጠርቶ ያረጋጋዋል። የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ የሚባለው ሦስት ነገር ነው፣ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማንኛውም መምህር ሊሠለጥንበት ይችላል። አንድ ክልክል አለው፣ ያየኸውን ንገረኝ ብሎ ልጅን ማስጨነቅ። ሲፈልግ ይናገራል፣ ካልፈለገ ይሥላል፣ ኳስ ይጫወታል።

ስለ መምህራን ካነሳሁ፣ ኮርኩምና «ተንበርከክ» አሁንም አልጠፉም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይደነግጋል። መምህሩን በአንቀጽ ማሸማቀቅ ግን ሥራ አይሠራም። 60 ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ የሚውል ሰው እሱም ደክሞታል። እኔ የሚሠራልኝ ስታፍ ገብቶ ቡና ላይ ቁጭ ብሎ «እንትና ዛሬ እንዴት ዋለ?» ማለት ነው። ግማሹ ሥራ እዚያ ቡና ላይ ነው።

ከአቅም በላይ የሆነው ወደ ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ቤተሰብ የታክሲውና የምሳው ወጪ ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ የምንልክበትን ደብዳቤ በደንብ እንጽፋለን፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደሚታይበት፣ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሞከረ፣ አንዴ ሄደው በባዶ እጅ እንዳይመለሱ። ቤተሰቡ ከሆስፒታል በፊት ጸበል ወይም ሼህ ጋ ሄዶ ሊሆን ይችላል፣ ወሎ ነውና አንዳንዴ ሁለቱም ጋ። ያንን መናቅ ትልቅ ስህተት ነው። ዱዓውም ይደረግ፣ ጸበሉም ይጠመቅ፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ ነው የምንለው። አንድ የነፍስ አባት ወይም አንድ ሼህ «ኪኒንህን ዋጥ» ያሉት ልጅ እኔ አሥር ጊዜ ከነገርኩት በላይ ይሰማል። በተለይ የሚጥል በሽታ ላይ ይህ ሕይወት ያድናል። ክፍል ውስጥ ልጅ ሲወድቅ ክብሪት አጭሮ ማሽተት አያስፈልግም፣ አፉ ውስጥም ምንም አይገባም። በጎኑ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጎ፣ ሰዓት ማየት ነው። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል።

የዓመቱ ከባድ ወቅት የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ነው። በ2014 የደሴና የአካባቢዋ ልጆች ፈተናው በጦርነቱ ምክንያት አምልጧቸው በሁለተኛ ዙር ነበር የተፈተኑት። ከዚያ በኋላ ፈተናው ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው እያደረ የሚወስደው ሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት በመላ አገሪቱ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ በቀጣዩ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4። ልጆቹ እነዚህን ቁጥሮች በቃላቸው ያውቋቸዋል። ጎበዙም ሰነፉም እኩል ይፈራል። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት በቡድን እንቀመጣለን። ስለ እንቅልፍ እናወራለን፣ ስለ አተነፋፈስ፣ ብቻውን ከቤት ወጥቶ ስለማያውቅ ልጅ፣ ውጤቱ ባይመጣ ቤት ውስጥ ስለሚባለው ነገር። ወላጆችንም ለብቻ እንጠራለን፣ ፈተናው ሲያልቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ነበር?» ሳይሆን «በላህ?» እንዲሆን።

ባለፈው እንዲህ ስንቀመጥ ከኋላ ያለች፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማሁት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እዚያ ማታ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝስ? ሌሎቹን እንዳልረብሽ ምን ላድርግ?» አለች። እጇን ሆዷ ላይ እንድታደርግ ነገርኳት። በአፍንጫ እየቆጠርሽ ሳቢ፣ ቀስ ብለሽ በአፍሽ ልቀቂ፣ ሲለቀቅ ይርዘም። አብራት የተቀመጠችው ልጅም ጀመረች። ከዚያ የፊተኛው ዴስክ። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ በሙሉ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ዝም አለ፣ የሚሰማው ውጭ የሚጫወቱት የፈረቃ ልጆች ጩኸት ብቻ ነበር።