ከኪስ የሚወጣ ወጪ ምንድን ነው? «የለም» እና «አይሸፈንም» ለየቅል ናቸው

ባለፈው ዓመት ክረምት አክስቴን ይዤ ጅማ ውስጥ አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ። ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ሰቃ ሪፈር (ወደ ከፍተኛ ተቋም መላኪያ ወረቀት) ተጽፎላት ነው የመጣችው። የጤና መድን መታወቂያዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። ካርድ ወጣላት፣ ሐኪም አያት፣ ደም ሰጠች። እስከዚህ ድረስ አንድ ብር አልተጠየቅንም። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ስንደርስ ግን ከታዘዙት ሦስት መድኃኒቶች ሁለቱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ተደረገባቸው። «እነዚህ የሉም፣ ከውጭ ግዙ» ተባልን።

ገዛን። አክስቴ ፌስታሉን አንጠልጥላ ስትወጣ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ መድን ካለሽ አትከፍይም ብለህ አልነበር እንዴ ያስመዘገብከኝ?»

እውነቷን ነው። እንድትመዘገብ የወተወትኳት እኔ ነበርኩ። ያኔ በቅጡ ያላስረዳኋትን ነው አሁን የምጽፈው።

ከኪስ የሚወጣ ወጪ ማለት ስትታከሙ፣ እዚያው አገልግሎቱን ባገኛችሁበት ሰዓት፣ ከራሳችሁ የምትከፍሉት ገንዘብ ነው። የካርድ፣ የምርመራ፣ የመድኃኒት፣ የአልጋ። ለመድኑ በየዓመቱ የምታዋጡት እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። መዋጮ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ቡና ተሸጦ እጅ ላይ ገንዘብ ሲገባ ይከፈላል። ከኪስ የሚወጣው ግን ቀጠሮ የለውም። ሐምሌ ላይ፣ ቤት ውስጥ ምንም በሌለበት ሰዓት ይመጣል። ስንት እንደሆነም አስቀድሞ አይነግራችሁም።

ነገሩ የአክስቴ ብቻ አይደለም። በ2009 በጀት ዓመት አገሪቱ ለጤና ካወጣችው ገንዘብ 31 በመቶ ያህሉ በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ የወጣ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ ድርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ በታች ሲወርድ፣ በሕክምና ወጪ የተነሳ የሚደኸይ ሰው በጣም ይቀንሳል።

አክስቴ የተመዘገበችበት ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የመጣው ለዚህ ነው። ለጅማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ሙከራው በ13 ወረዳዎች ሲጀመር አንዱ እዚሁ ዞናችን ያለው ሊሙ ኮሳ ነበር። ያኔ በኦሮሚያ መዋጮው ለአንድ ቤተሰብ በወር 15 ብር ነበር። (ዛሬ በ15 ብር ቡና እንኳ ቁጭ ብሎ መጠጣት ያስቸግራል፣ ያውም በቡና አገር።) መድኑ ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ባጠቃላይ ደመወዝተኛ ላልሆነው ሰው የተዘጋጀ ነው። ለደመወዝተኛው ሌላ ሕግ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶለታል፤ እሱ ራሱን የቻለ ረጅም ታሪክ ስለሆነ ዛሬ አልነካውም።

እንግዲህ ዋናውን ነገር እንያዝ። አባሉ መታወቂያውን ካሳደሰ፣ መንገዱን ጠብቆ ከመጣና አገልግሎቱ የሚሸፈን ከሆነ መስኮት ላይ ድርሻ አይከፍልም። ታዲያ አክስቴ ለምን ከፈለች?

«የለም» ስለተባለች። «አይሸፈንም» አልተባለችም። ሁለቱ ቃላት ኪስን እኩል ያራቁታሉ፣ ትርጉማቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። «አይሸፈንም» ማለት መዋጮ ስትከፍሉ የገባችሁት ውል ውስጥ የለበትም ማለት ነው። «የለም» ማለት ደግሞ ውሉ ውስጥ አለ፣ መደርደሪያው ላይ ግን አልቋል ማለት ነው። በመጀመሪያው የሚከራከሩበት ነገር የለም። በሁለተኛው ግን ለራሳችሁ የሚገባውን ነው ከሌላ ቦታ በገንዘባችሁ የገዛችሁት።

ይህ ለምን ተድበስብሶ ይቀራል? የገንዘቡን አካሄድ ተመልከቱ። መድኑ ገንዘብ የሚሰጠው ለእናንተ ሳይሆን ውል ለተዋዋለው ጤና ተቋም ነው። ተቋሙ የሰጣችሁን አገልግሎት መዝግቦ ሂሳቡን ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። ያልሰጣችሁን አይመዘግብም። ስለዚህ ከውጭ የገዛችሁት መድኃኒት በማንም መዝገብ ላይ የለም። እናንተ ካልተናገራችሁ እንዳልተገዛ ይቆጠራል።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኳቸው ናቸው። ካርድና ምርመራ 500 ብር፣ የተገኘው አንድ መድኃኒት 200 ብር፣ ከውጭ የተገዙት ሁለቱ 600 ብር ቢሆኑ፣ ጠቅላላ ሕክምናው 1,300 ብር ፈጅቷል። ከዚህ ውስጥ መድኑ 700 ብር ከፍሏል። አክስቴ ግን 700 ብሩን አላየችውም። ማንም አልነገራትም፤ የተሰጣት ወረቀትም የለም። ያየችው ከመቀነቷ ፈትታ ያወጣችውን 600 ብር ብቻ ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት መታወቂያሽን አሳድሺ ስትባል የምታስታውሰው የትኛውን ይመስላችኋል?

በእኔ አስተያየት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይህን ግማሽ መንገድ ታቃልለው ነበር። ጠቅላላው ይህን ያህል፣ መድኑ የከፈለው ይህን ያህል፣ እርስዎ የከፈሉት ይህን ያህል፣ ምክንያቱ ይህ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። ለእድር መዋጮ እንኳ ደብተር ላይ ይፈረምልን የለ!

እስከዚያው ራሳችሁ ወረቀት ሰብስቡ። መድኃኒቱ የለም ስትባሉ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማኅተም እንዲመታበት ጠይቁ። ከመግዛታችሁ በፊት «መድኑ ውል የገባበት መድኃኒት ቤት አለ ወይ?» በሉ። አንዳንድ ቦታ እንዲህ ያለ ውል ስላለ እዚያ ሄዶ በመታወቂያ መውሰድ ይቻላል። ከሌላ ቦታ ከገዛችሁ ደግሞ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ። የግል መድኃኒት ቤት ማዘዣውን ሊያስቀረው ስለሚችል በቅድሚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ መታወቂያውን፣ ማዘዣውንና ደረሰኙን ይዛችሁ የተመዘገባችሁበት ወረዳ ወይም ከተማ የጤና መድን ክፍል ሂዱ። ገንዘብ መመለስ አለመመለሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቢያንስ ግን መደርደሪያው ባዶ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

መድን ያለው ሰው ከኪሱ የሚከፍልበት ሁለተኛው ምክንያት መንገድ መዝለል ነው። ጅማ ላይ ይህ ሰበብ ብዙ ሰው ይጎዳል፤ ምክንያቱም ትልቁ ሆስፒታል እዚሁ ከተማችን መሀል ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገር በሽተኛ ሁሉ የሚላክበት ቦታ ነው። ከተሜው ግን በባጃጅ አሥር ደቂቃ ስለሆነ በሆድ ቁርጠትም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መድኑ ግን ከጤና ጣቢያ ጀምር ይላል። ጤና ጣቢያው ካልቻለ ሪፈር ይጽፋል፤ ከዚያ ሆስፒታል ይኬዳል። በሙከራው ጊዜ ያለ ሪፈር የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ እንዲሸፍን ተደንግጎ ነበር። ድንገተኛ አደጋ ሌላ ነው፤ ደም እየፈሰሰው ሪፈር ፍለጋ የሚዞር ሰው የለም።

ሦስተኛው እውነተኛው «አይሸፈንም» ነው። ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽር፣ ውጭ አገር መታከም። አጭር ዝርዝር ነው፣ ስትመዘገቡ አስነብቡት።

ሳልረሳው፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔ በመንግሥት ጤና ተቋማት ለማንም ሰው ነጻ ናቸው። መድን ኖራችሁም አልኖራችሁም። ለእነዚህ ክፈሉ ከተባላችሁ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በመሥሪያ ቤት በኩል የግል መድን ያላችሁ ሰዎች ጨዋታችሁ ትንሽ ይለያል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ራሳችሁ ትከፍሉና በደረሰኝ ታስመልሳላችሁ። ሁለት ነገር ብቻ እወቁ፤ ለዓመቱ የተቀመጠው ጣሪያ ስንት ነው? ከእያንዳንዱ ደረሰኝ እናንተ የምትሸከሙት ድርሻስ? ጣሪያው ካለፈ በኋላ ያለው ሁሉ ከኪስ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀር ሌላ ወጪም አለ። የሚኒባሱ፣ የባጃጁ፣ የአስታማሚው ምሳ፣ ቤት ተዘግቶ የቀረው የሥራ ቀን። በጤና ወጪ ስሌት እነዚህ «ከኪስ ወጪ» ተብለው አይመዘገቡም። የአክስቴን ኪስ ግን ጠይቁት። ያን ቀን መሽቶባት እኛ ቤት ነው ያደረችው፤ ጠዋት እናቴ ቡና አፍልታላት ከጠጣች በኋላ መናኸሪያ ሸኘኋት። ማዘዣውና ደረሰኙ በነጠላዋ ጫፍ፣ ከመታወቂያው ጋር ተቋጥረው ነበር።