የዋልዶርፍ ሜንተር ገምጋሚ ነው እንዴ?

ዋልዶርፍ ትምህርትን ከትረካ፣ ከስዕልና ከእንቅስቃሴ ጋር የሚያዋህድ የትምህርት ዘዴ ነው። ለዋልዶርፍ መምህርነት የሚሰለጥኑ አዋቂዎች ብዙ ጊዜ ሜንተሩ፣ ማለትም እየተከታተለ የሚያማክራቸው ልምድ ያለው መምህር፣ ግራ ያጋባቸዋል። ክፍል ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ ስለዚህ ኢንስፔክተር ይመስላቸዋል። አይደለም። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚገመግመው ሌላ ሰው ነው። ነጥብ ለሚሞላባችሁ ሰው ድክመታችሁን ማን ደፍሮ ይናገራል?

በዋልዶርፍ ትምህርት ቤት ጠዋት ላይ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ዋና ትምህርት አለ፤ አንድ ርዕስ ለሦስት አራት ሳምንት ይሄድበታል። መምህሩ ታሪኩን ሳያነብ በቃሉ ይተርካል፣ በባለቀለም ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይስላል፣ ልጆቹም የተማሩትን በየደብተራቸው እየጻፉና እየሳሉ የራሳቸውን መጽሐፍ ይሠራሉ። ታዲያ ልምድ ያለው ሜንተር የስዕሉን ማማር ብቻ አያይም። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ስትስሉ ክፍሉ ተረበሸ? ትረካው የቱ ጋ ሲደርስ ልጆቹ ማዛጋት ጀመሩ? በኋላ ቁጭ ብላችሁ የምታወሩት ይህንን ነው።

«እኔ እኮ ስዕል አልችልም» የሚል አይጠፋም። ችግር የለም፤ ስልጠናው ራሱ ውሃ ቀለም፣ ሸክላ፣ መዝሙርና ዩሪትሚ የሚባለውን የእንቅስቃሴ ጥበብ ያስነካችኋል። (ዩሪትሚ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያሳፍራል፣ እውነቱን ለመናገር።) አዋቂዎችን ማሰልጠኑ አዲስ ነገርም አይደለም፦ በ1919 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሽቱትጋርት ላይ የመጀመሪያው የዋልዶርፍ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የዘዴው መሥራች ሩዶልፍ ሽታይነር መምህራኑን ለሁለት ሳምንት ያህል አሰልጥኗቸዋል።

አንድ ነገር ግን ሳትጀምሩ ጠይቁ፦ የሜንተሩ ማስታወሻ ከእናንተ ሌላ ማን ጋ ይደርሳል? አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል።