ማይክሮ አርኤንኤ ቫይረስን ያፍናል ወይስ ያግዛል?

ሐዋሳ ባዮሎጂ የምትማረው የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ጠየቀችኝ፦ «አጎቴ፣ ማይክሮ አርኤንኤ ጂን ያፍናል ተብለን ተምረን፣ እንዴት ቫይረስን ይረዳል?» ግራ ቢገባት አይፈረድባትም።

ማይክሮ አርኤንኤ ሴላችን ራሱ የሚሠራው፣ 22 ገደማ ፊደላት (ኬሚካላዊ ክፍሎች) ያሉት አጭር አርኤንኤ፣ ማለትም የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል ነው። የመጀመሪያው የተገለጸው በ1993 እ.ኤ.አ. በትል ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጂንን መመሪያ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው በሚያደርሰው መልእክተኛ አርኤንኤ ጅራት ላይ ተለጥፎ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያደርጋል።

ጉበት ውስጥ በብዛት ያለው ሚር-122 የተባለ ማይክሮ አርኤንኤ ግን ሄፓታይተስ ሲ ቫይረስን ሲያገኝ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። የሚለጠፈው በቫይረሱ አርኤንኤ ጅራት ላይ ሳይሆን ራስጌው ላይ ነው፤ ያውም ሁለት ቦታ። ያ ጫፍ ባዶውን ቢቀር የሴሉ ኢንዛይሞች ከዚያ ጀምረው አርኤንኤውን ይበሉታል። የሐዋሳው የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ ገመዱ እንዳይተረተር ጫፉን እንደሚቋጥረው ማለት ነው። ሴሉ ለራሱ የሠራው ነገር ለቫይረሱ ቋጠሮ ይሆንለታል፤ ቫይረሱም ይባዛል። እኔን እስካሁን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

ሚር-122ን አንቆ የሚይዝ ሚራቪርሰን የተባለ መድኃኒት በታማሚዎች ላይ ሲሞከር፣ ደማቸው ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ቀንሷል።