ስለ መጀመሪያ የባስ ጀልባ የሚወራውና እውነታው

ከፋሲካ ማግስት በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ደውሎ «ጀልባ ልገዛ ነው፤ ነገ ቀብድ እከፍላለሁ» አለኝ። ርዝመቷ ሃያ ጫማ፣ ገላዋ ፋይበርግላስ፣ ሞተሯ 225 የፈረስ ጉልበት፣ ቀለሟ እንደ በርበሬ የቀላ። «የት ልታጠምድባት አስበሃል?» ስል ጠየቅሁት። «በርክ ሐይቅ ነዋ! ከቤቴ አሥር ደቂቃ አይሞላም።» በርክ ሐይቅ ላይ በቤንዚን ሞተር መንቀሳቀስ ክልክል ነው። ይህን ስነግረው ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለ።

አልፈረድሁበትም። ባስ ማጥመድን ብዙዎቻችን ያወቅነው ከቴሌቪዥን ነው፤ ቴሌቪዥን የሚያሳየው ደግሞ ውድድር ነው። ለሽልማት የሚሽቀዳደም ሰው የሚነዳውን አይተን ለቅዳሜ ማለዳችን የሚሆነንን እንመርጣለን። ከዚህ በታች የማነሣቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚቀዱ ናቸው።

ለማያውቁት፣ ባስ በአሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች የሚኖር፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ አፉ ሰፊ የሆነ አዳኝ ዓሣ ነው። በአማርኛ ስም አልወጣለትም። የውሃ ሣር ውስጥ ወይም የወደቀ ግንድ ሥር አድፍጦ በአጠገቡ የሚያልፈውን ይነጥቃል። የባስ ጀልባ የሚባለውም ለዚህ ጠባዩ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጎኑ ዝቅ ያለ፣ ከፊትና ከኋላ ቆሞ መወርወሪያ ጠፍጣፋ መድረክ ያለው፣ አፍንጫው ላይ ድምፁ የማይሰማ የኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመለት፣ የተያዘውንም ዓሣ በሕይወት የሚያቆይ ገንዳ ያለው ጀልባ ነው።

«ያለ ባስ ጀልባ ባስ አይያዝም»

በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ጆርጅ ፔሪ የተባለ ወጣት ገበሬ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ባስ አወጣ፤ በእኛ መለኪያ ከአሥር ኪሎ በላይ ማለት ነው። የተሳፈረባት ጀልባ ከባልንጀራው ጋር ከርካሽ እንጨት የገጣጠሟት እንደ ነበረች ይነገራል። የባስ ጀልባ አባት የሚባለው ሆልምስ ተርመንድ የመጀመሪያዋን «ስኪተር» የሠራው በ1948 ነው። ስለዚህ የዓለም ክብረ ወሰኑ ከባስ ጀልባ በ16 ዓመት ይቀድማል። በ2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ ከፔሪው በጥቂቱ የሚከብድ ዓሣ ቢይዝም፣ ክብረ ወሰን ለመስበር የሚጠየቀውን የ2 አውንስ ብልጫ ስላላሟላ ሁለቱ እኩል ተመዘገቡ።

ጀልባ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጀልባ የሚሰጠው ቦታ መቀያየርን ነው፤ ዓሣ መኖሩን አይሰጥም። በርክ ሐይቅ ላይ የመቅዘፊያ ጀልባ ይከራያል። ሁለት ሦስት ቅዳሜ ተከራይቶ የትኛውን ውሃ እንደሚወድዱ ሳያውቁ ቀብድ መክፈል፣ የእግርን ቁጥር ሳይለኩ ጫማ መግዛት ነው።

«ሞተሩ ትልቅ ከሆነ አያስቆጭም»

ያስቆጫል። ውሃው ራሱ የራሱ ሕግ አለው። ከዋሽንግተን በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ያሉትን ብቻ ብንቆጥር፣ በርክ ላይ ቤንዚን ጭራሽ አይፈቀድም፤ የኦኮኳን ውሃ ማጠራቀሚያ ላይ ከ10 የፈረስ ጉልበት የሚበልጥ ሞተር አይነሣም፤ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ግን ጉልበት የሚገድብ የለም። ሦስቱም ውስጥ ባስ ሞልቷል። ሦስቱም የሚፈልጉት ጀልባ ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ «ምን ያህል የፈረስ ጉልበት?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የት?» የሚለው ይመለስ።

ፖቶማክን የመረጠ ሰው ትልቅ ሞተር ቢመኝ አልቃወመውም። ከዋሽንግተን በታች ወንዙ ሰፊ ነው፤ የባሕር ሙላትና ጉድለት ይደርስበታል፤ ነፋሱ ከውሃው ፍሰት ጋር ሲጋፈጥ ማዕበሉ ቀልድ አይደለም። ያም ቢሆን ከሃያ ጫማ በታች የሆነ የሞተር ጀልባ ሁሉ የሚሸከመውን ሰው፣ ክብደትና ከፍተኛውን የፈረስ ጉልበት የሚናገር ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ከመቀመጫው ልስላሴ በፊት ያችን ሰሌዳ ያንብቡ። ከእርሷ በላይ የሆነ ሞተር የተገጠመበት ያገለገለ ጀልባ ቢያጋጥምዎ፣ ሻጩ እየፎከረም ቢያሳይዎ ይለፉት። ኢንሹራንስ ያስከለክላል፤ ከዚያ በፊትም ሰው ይገድላል።

የተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ስለ እርሱ ብዙ ሰው አያወራም። ሰሌዳው እስከ 60 የሚፈቅድለት ጀልባ ላይ 25 ገጥሞ የሚሸጥ አለ፤ ዋጋውም ያማልላል። አንድ ሰው ብቻ ሲሳፈር ይሄዳል። ሁለት ወዳጆችና የሞላ ገንዳ ሲጨመርበት ግን አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ውሃ ያርሳል እንጂ በውሃው ፊት ላይ መንሸራተት አይችልም። ከሰሌዳው ጣሪያ ሦስት አራተኛ ያህሉን የያዘ ሞተር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

«መኪናዬ ትጎትታታለች»

ይህን ስሰማ ወረቀትና እርሳስ አወጣለሁ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የጀልባዋ ክብደት ብዙ ጊዜ የባዶ ገላዋ ነው። ሞተሩ፣ ተጎታቹ፣ ባትሪዎቹና ነዳጁ ይደመሩ። አንድ ጋሎን ቤንዚን 6 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ 40 ጋሎን የሚይዝ ታንክ ሲሞላ 240 ፓውንድ ነው። ከባድ የእርሳስ ባትሪ አንዱ ብቻ 60 ፓውንድ ያልፋል፤ ትልቅ ጀልባ አራት ይሸከማል። እንዲህ ተደምሮ ባለ ሃያ ጫማዋ ፋይበርግላስ ከ4,500 ፓውንድ በላይ ሆና ትገኛለች። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ የተወደደው ሚኒቫን ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣሪያው 3,500 ነው፤ የቤት መኪናማ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ቁጥሩ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል፤ ከጓደኛ ልምድ መጽሐፉን ይመኑ።

መጎተት ብቻውን መለኪያ አይሆንም፤ ፍሬን ይዞ ማቆምም አለ። ከሁሉም የሚብሰው ግን ጀልባ ማውረጃው ነው። ያ ቁልቁለት ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ የሚያንሸራትት አልጌ አብቅሎበታል። በፊት እግሩ የሚነዳ መኪና ከባድ ጀልባ ከውሃ ሲያወጣ ጎማው እየተሽከረከረ ባለበት ሲቀር፣ ከኋላው ተሰልፈው የሚጠብቁት ሰዎች ዓይን ከጀልባው ይከብዳል። በአንጻሩ ባለ 16 ወይም 17 ጫማ አልሙኒየም ከነተጎታቹ 2,000 ፓውንድ አካባቢ ስለሚሆን ለብዙ መኪና አይከብድም።

ተጎታቹ እግር ያለው ነገር መሆኑን ሰው ይረሳል። የመንኰራኩሩ ኩሽኔታ በየጊዜው ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ግራሶው ካልታደሰ አውራ ጎዳና ላይ ይነድዳል። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ በእርጅና ሊፈነዳ ይችላል፤ ስለዚህ ጎኑ ላይ የተጻፈውን የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይዩ።

«አልሙኒየም የድሃ ነው»

በ1978 የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ነጋዴው ጆኒ ሞሪስ «ባስ ትራከር» የተባለችውን አልሙኒየም ጀልባ ከነሞተሯና ከነተጎታቿ በአንድ ዋጋ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ጀልባ መግዛት ለተራ ሠራተኛ የሚደረስበት ነገር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሰው ጀልባ መንዳትን በአልሙኒየም ተማረ! ድንጋይ ሲመታው ይጎደጉዳል እንጂ አይሰነጠቅም፤ ቀላል ነው፤ ነዳጅ አይጠጣም። እንከኑ ማዕበል ላይ አጥንት ያናጋል፤ ነፋስም እንደ ቅጠል ይገፋዋል። ፋይበርግላስ በዚህ ይበልጠዋል። ቅንጦት ነው ድህነት ነው የሚለው ክርክር ግን የመኪና ማቆሚያ ላይ ወሬ ነው።

«ያገለገለ መግዛት የሰው ጣጣ መግዛት ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው፤ በእኔ ላይ ደርሷል። የመጀመሪያ ጀልባዬን ስገዛ መቀመጫውን ዳሰስሁ፣ ምንጣፉን አደነቅሁ፣ ሬዲዮውን ከፈትሁ። ሞተሩ የሚታሠርበትን የኋላ ግድግዳ ግን ዞር ብዬ አላየሁትም። በጸደይ መካኒክ ዘንድ ስወስደው ሰውየው በመዶሻው እጀታ ሁለት ጊዜ አንኳኳና ሣቀ። ድምፁ እርጥብ ካርቶን እንደ መምታት ነበር። በድሮ ፋይበርግላስ ጀልባዎች ውስጥ ያ ግድግዳ በብዛት ከውስጥ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ውሃ በብሎን ቀዳዳ ከገባበት ይበሰብሳል። ጥገናው ጀልባውን ከገዛሁበት ዋጋ በለጠ።

ታዲያ ያገለገለ አትግዙ እላለሁ? አልልም። አዲስ ጀልባ ከሻጩ ግቢ በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል፤ የመጀመሪያ ጀልባ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚያዝ አይደለም። የምለው በጆሮና በእጅ ግዙ ነው። የኋላውን ግድግዳ ያንኳኩ፤ ድምፁ ደረቅና ጥብቅ ይሁን። ሞተሩን ከፍ አድርገው የታችኛውን ጫፍ ይዘው ወደ ታች ይጫኑ፤ ግድግዳው አብሮ ከተወዛወዘ ደኅና ሁኑ ብለው ይሂዱ። ሞተሩ ስትደርሱ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ቀዝቅዞ ሲነሣ ማየት መብታችሁ ነው። ከተነሣ በኋላ ከጎኑ ቀጭን የውሃ ፈሳሽ ሊወጣ ይገባል፤ ካልወጣ ማቀዝቀዣው እየሠራ አይደለም። የታችኛው የማርሽ ቤት ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የሲሊንደሮቹን ግፊት መካኒክ ይለካ፤ በመካከላቸው ከአሥር በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ዋጋው ይውረድ ወይም ይቅር።

ወረቀቱንም አይርሱ። በጀልባው ኋላ በቀኝ በኩል ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ አለ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉን ዓመት ይናገራሉ። ያ መለያ ከሊብሬው ጋር አንድ ካልሆነ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ጨዋ ቢመስል ገንዘብዎን ከኪስዎ አያውጡ። ተጎታቹም ለብቻው ሊብሬ አለው። በመጨረሻም ውሃ ላይ ሳይነዱ አይግዙ፤ በጥቅምትና በኅዳር ቢሆን ደግሞ መልካም ነው፣ የብርዱን ወራት ጀልባ ማስቀመጥ የሰለቸው ባለቤት ያኔ ለድርድር ለስላሳ ነው።

«ትልቁን ስክሪን ከገዛሁ ዓሣው ይታየኛል»

ስክሪን የሚሉት ከጀልባው በታች ያለውን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየውን መሣሪያ ነው። ዓሣ ማየትና ዓሣ መያዝ ግን ይለያያሉ። ለጀማሪ ገንዘቡ የፊቱ ኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ቢውል ይሻላል፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው እርሱ ነውና። ለእያንዳንዱ 100 ፓውንድ የተጫነ ክብደት ቢያንስ 2 ፓውንድ የመግፋት ኃይል ያለው ሞተር መግዛት የቆየ ስሌት ነው።

«ከከፈልሁ በኋላ ወጪ የለም»

ሜሪላንድ በግዢው ላይ 5 በመቶ፣ ቨርጂኒያ 2 በመቶ ግብር ትቀበላለች። ምዝገባ፣ ኢንሹራንስ፣ በየዓመቱ ከብርዱ በፊት ከሞተሩ ውሃ ማስወጣትና ዘይት መለወጥ አለ። ጀልባው የት ይቆማል የሚለው ግን ሁሉም የሚረሳው ነው፤ ብዙ የቤት ባለቤቶች ማኅበራት በደጅ ማቆምን ይከለክላሉ፣ አፓርታማ ውስጥማ የማይታሰብ ነው። ነዳጅ ሲቀዱም ይጠንቀቁ፤ 15 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን ለጀልባ ሞተር አልተፈቀደም፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ እጅዎ ወደዚያ እንዳይሄድ።

«መኪና የነዳ ጀልባ አያቅተውም»

ጀልባ ፍሬን የለውም። በሜሪላንድ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሐምሌ (ጁላይ) 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ በቨርጂኒያ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ የሆነ ሞተር የሚነዳ ሁሉ ይማራል። ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች በሆነ የሞተር ጀልባ ላይ በፍጥነት የሚሄድ ነጂ፣ ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ወይም መሣሪያ እንዲያያይዝ የአገሪቱ ሕግ ያዝዛል። ነጂ አልባ ጀልባ ክብ እየዞረ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም በውሃው ውስጥ ባለው ሰው ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለብቻችን ልበል። ብዙዎቻችን ያደግነው ደጋ ላይ ነው። ወንዝ ማለት በክረምት የሚፈሩት፣ በበጋ ሱሪ ሰብስበው የሚሻገሩት ነበር። ዋና የማይችል አጥማጅ በመካከላችን ጥቂት አይደለም፤ ይህን መናገርም ያሳፍረዋል። ሕጉ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት በጀልባው ላይ ይኑር ይላል፤ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ጀልባው ሲሄድ ይለብሰዋል። እኔ ሕጉ እስኪያዝዘኝ አልጠብቅም፤ ጃኬት ያልለበሰ ሰው በእኔ ጀልባ አይሳፈርም። አንድ አጎቴ «ልጅ ነኝ እንዴ?» ብለው ተቆጥተው ማውረጃው ላይ ቀርተዋል፤ ስንመለስ ቡና ይዘው ጠበቁን።

ወዳጄ ቀብዱን አልከፈለም። ሦስት ቅዳሜ የመቅዘፊያ ጀልባ ተከራየ፤ በሦስተኛው አንድ ክንድ የምትሆን ባስ ይዞ ፎቶውን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ላከ። በሰኔ ባለ 14 ጫማ ያገለገለች አልሙኒየም ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ገዛ፤ ሚኒቫኑ መጎተቷን አላወቀም ማለት ይቻላል። ስም አውጥቶላታል፣ «ቀይዋ» ይላታል። ቀለሟ አረንጓዴ ነው።